ባዶው ምሳ ዕቃ

እትዬ ዓለምጸሐይ ከማርያም ሐውልት ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነበር ያረፉት። ከኮረብታው በታች ባሕሩ ይታያል፤ የነሐሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቦታው የካቶሊኮች ቢሆንም በፍልሰታ ከሜልበርን ወደዚያ የሚወጡ ኦርቶዶክስ እናቶች አይጠፉም። ማርያም ያው ማርያም ናት።

መርማሪ ዘውዲን የላኳት አማርኛ ስለምትችል ነው፤ ዓይኗ ከአማርኛዋ ይበልጥ ስል መሆኑን አለቆቿ ገና አልደረሱበትም። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ የሟቿ ስኳር እጅግ ወርዶ አግኝተውታል። ኢንሱሊን የወጋቻቸው ልጃቸው ሊሊ፣ ነርስ ናት። መጠኑን አብዝታለች ተብላ ተጠርጥራለች።

«መኪናው ጋ ነው የወጋኋት» አለች ሊሊ። «ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ መክብብ በልታለች አለኝ። አቮካዶ በዳቦ የቋጠርኩበት ምሳ ዕቃዋም ባዶ ነበር። ክንዷን ዝም ብላ ሰጠችኝ።»

«አዎ፣ በልታለች» አለ ወንድሟ መክብብ፣ ባሕር ባሕሩን እያየ።

አብረዋቸው የመጡት ጎረቤት ጋሼ አምደሚካኤል ቀድመው ኮረብታው ላይ ወጥተው ነበር።

«መጨረሻ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጣቷ በብርድ ደርቆ የጸበሉን ጠርሙስ ክዳን ከፈትኩላት። ጠጣች። ትንሽ ላሸልብ ስትለኝ ትቻት ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ።»

ዘውዲ ወደ መኪናው ወረደች። ከአጥሩ ሥር የባሕር ወፎች አቮካዶ የተቀባ ዳቦ ይሻሙ ነበር። ተመልሳ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሊሊ፣ መርፌው የመዘገበውን መጠን አይቼዋለሁ፤ የሰጠሻቸው ልክ ነው። ግን እትዬ ጸበል ጠጥተዋል። በፍልሰታ በልቶ ጸበል የሚጠጣ እናት ታውቃላችሁ?»

ሊሊ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ስለዚህ አልበሉም። ምሳቸውን ወፎቹ እየበሉት ነው። ሊሊ ሽንት ቤት ነበረች፣ ጋሼ እዚህ። እናትህ ጋ የቀረኸው አንተ ነህ፣ መክብብ።»

መክብብ ዓይኑን ከባሕሩ ላይ አነሳ።

«ለመነችኝ» አለ። «ሊሊ ካወቀች አታስወጣኝም፣ በልታለች በልልኝ፣ እመቤቴን ተሳልሜ እበላለሁ አለችኝ። ሊሊ እንዳታውቅ ምሳውን እኔው ደፋሁላት። እናቴን እምቢ ልበላት? መርፌው ያለ ምግብ እንደሚገድል አላወቅሁም። እሰሪኝ።»

«ምን ብዬ?» አለች ዘውዲ። እውነቱን አግኝታው ምንም ልታደርግበት አለመቻሏ አናደዳት።

ሊሊ ቀና አለች። «ልክ ነው የሰጠሻቸው አልሽኝ?»

«ልክ ነው።»

«ልኩ ነዋ የገደላት።»

የመጡት በአንድ መኪና ነበር፤ የሚመለሱበትም ሌላ አልነበራቸውም። መክብብ ሞተሩን አስነሳ። ሊሊ ባዶውን ምሳ ዕቃ ታቅፋ፣ ከኋላ እናቷ በመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።