ሁለት ሽቦና አንድ ጀልባ

«ከሲቀላ እስከ ሴቻ ከእኔ የተሻለ በያጅ ካለ ይምጣና ያሳየኝ» አለች ሩሐማ፣ የብየዳ ማስኳን ወደ ግንባሯ እየገፋች።

የክፍሏ ልጅ ቤተል የተገለበጠ የብረት ጀልባ ጥግ ተቀምጣ ሸንኮራ ትመጥጣለች። ጀልባው የአባቷ የጋሽ ኦይታ ነው፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዱበታል። ሆዱን ዝገት ስለበላው የሩሐማ ታላቅ ወንድም በርናባስ አዲስ ላሜራ ቆርጦ ገጥሞለታል። መበየድ ብቻ ሲቀረው ከጫኖ ሰው መጣ፤ የሙዝ ማሳ የሚያጠጣ ሞተር መቆሚያው ተሰብሯል። በርናባስ ትንሹን የብየዳ ማሽን ይዞ ሄደ፤ ትልቁ ለሩሐማ ቀረ።

«ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ጀልባ ጥሎ ሄደ?» አለች ቤተል።

«ለስምንተኛ ክፍል ልጅ አይደለም፣ ለሩሐማ ነው። ይለያል።»

በርናባስ ሲወጣ አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር። ትልቁን ማሽን መንገድ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉለት ነው፤ ሁለት ዓይነት ሽቦ ይበላል። ሁለቱም እንደ ቀጭን ቱቦ ናቸው፣ ውስጣቸው ዱቄት አለ። ለአንደኛው ግን ዱቄቱ ብቻ አይበቃውም፤ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከልልለት ጋዝ ከሲሊንደር ይመጣለታል። ሌላኛው ሲሊንደር አያስፈልገውም፤ ዱቄቱ ሲቃጠል ራሱ ጭስ ሆኖ ይከልላል።

«ውጭ ስትበይጂ ባለጭሱን» ነበር ያላት። «ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ጋዙን ጠርጎ ይወስድብሻል።»

ሩሐማ ሰምታለች። ግን የዚያ ሽቦ ጭስ ፀጉር ውስጥ ከገባ በሳሙናም አይወጣም። ማታ ደግሞ የመዘምራን ልምምድ አለ። ባለፈው አስቴር የምትባለው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ወንበር ቀይራባታለች። ብየዳውም ቢሆን አያምርም፣ ፍንጣሪው በየቦታው ይለጠፋል። የጋዙ ልስልስ ብሎ ይተኛል። ታዲያ ማን ጭስ ይመርጣል? በነፋሱ በኩል ጆንያ አንጠለጠለችና ሲሊንደሩን ከፈተች።

መጀመሪያው አማረላት። መሀል ላይ ስትደርስ ጆንያው መውለብለብ ጀመረ። ብየዳው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። አላቆመችም። ጨርሳ በግራይንደር ሞረደችው። ቀዳዳው ሁሉ ጠፋ።

«አየሽ?»

«መስታወት ይመስላል» አለች ቤተል። ሸንኮራውን ተፋች። «ዛሬ እኔም ከአባቴ ጋር ነው የምሄደው። መረብ የሚስብለት ሰውዬ ታሟል። ዋና አልችልም ስለው፣ ጫሞ ላይ ዋና የሚጠቅመው ለአዞ ነው አለኝ።»

ሩሐማ ሳቀች። ሳቁ ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልረዘመም።

«ቤተልዬ፣ ከቧንቧው ውሃ ቅጂልኝ እስቲ።»

ቤተል ስትሄድ ሩሐማ ከደብተር ቦርሳዋ ጠመኔ አወጣች። በርናባስ የውሃ ታንከር በበየደ ቁጥር የሚያደርገውን ታውቃለች፤ በአንድ በኩል ጠመኔ ይቀባል፣ በሌላው ላምባ። ብየዳው ካልያዘ ላምባው ሾልኮ ጠመኔውን ያጠቁረዋል። ጀልባው ሥር ገብታ ብየዳውን ከውስጥ በኩል ነጭ አደረገችው። ከውጭ ላምባ በጨርቅ አስነካችው። ተመልሳ ገብታ በጀርባዋ ተኛች።

ምንም የለም። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ዝንብ ያረፈበት የሚመስል ጥቁር ነጥብ ታየ። አጠገቡ ሌላ።

ውጭ ፒካፕ ቆመ። የጋሽ ኦይታ ኮንጎ ጫማ ከጀልባው ጠርዝ በታች ታያት።

«ያዘ?» አሉ።

«መስታወት ነው አባ» አለች ቤተል፣ ውሃውን እያስቀመጠች።

የፒካፑ ሾፌር ጀልባውን የሚያስርበትን ገመድ ይፈታል። ሩሐማ በተኛችበት አሰበች። ጠመኔውን በእጇ ብታብሰው ይጠፋል። ምናልባት ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የሚያስገባው። ምናልባት ቤተል በቆርቆሮ እየቀዳች ታወጣዋለች። ቤተል ሐይቁ መሀል በቆርቆሮ ውሃ ስትቀዳ ታያት።

ወጣች። ልብሷ ላምባ ላምባ ይሸታል።

«አይጫንም» አለች። «ያፈሳል።»

ጋሽ ኦይታ ጎንበስ ብለው ከሥር ገቡ። ወጥተው ጣታቸው ላይ የቀረውን የጠቆረ ጠመኔ በሱሪያቸው ጠረጉ። ሾፌሩ ሌላ ጭነት አለብኝ ብሎ እያጉረመረመ ሄደ። ቤተል ሩሐማን አየቻት፣ ቀጥሎ ጀልባውን፣ ቀጥሎ መሬቱን።

ሩሐማ ሲሊንደሩን ዘጋች። ላምባውን አድርቃ ጠረገች፣ ቀዳዳ የበላውን ብየዳ እስከ ሥሩ ሞርዳ አወጣችው። ባለጭሱን ሽቦ አስገባች። ለዚህኛው ሽቦ ከማሽኑ የሚወጡት ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶችም ቦታ መለዋወጥ አለባቸው፤ ለዋወጠቻቸው።

«ልምምዱስ?» አለች ቤተል።

«አስቴር ሌላ ወንበር ትፈልግ።»

ማስኳን ልታወርድ ስትል ቀና አለች። ጋሽ ኦይታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ሐይቁ ያያሉ።

«ጋሽ ኦይታ፣ እኔ ሆኜ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ቀለም ቀብቶ ያስረክብዎት ነበር።»

«ሌላ ሰው ቢሆን» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «በአንዴ ደህና አድርጎ በይዶት እኔ አሁን ሐይቁ ላይ ነበርኩ።»