ልክ የሆነው ቆርቆሮ

ፎቶ አንሺው ይሁኔ ቆቦ ገበያ ውስጥ ወደ ፍሬሰላም ሱቅ ጎራ ሲል፣ እሷ መቀሷን ይዛ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ትቆርጣለች። አባቷ የተዉላት ሙያ ነው፤ ኩራዝ ትሠራለች፣ ማንቆርቆሪያ ትሠራለች።

«ምንድን ነው እሱ? የመስኮት ክፈፍ ነው?» አለችው፣ የሰጣትን ጠፍጣፋ እንጨት እያገላበጠች።

«የአያቴ ካሜራ የመስታወት መያዣ ነው። ድሮ ምስሉ የሚቀረጸው መስታወት ላይ ነበር። ዛሬ መስታወቱ ከየት ይመጣል? ያለኝ ፊልም ነው፤ እሱ ደግሞ ስስ ስለሆነ ውስጡ ይወላገዳል። በመስታወቱ ልክ ቆርቆሮ ቁረጪና ጠርዙን እጠፊልኝ፤ ፊልሙን ወጥሮ ይይዘዋል።»

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለማን ፎቶ ነው?»

«ላንቺ። እናትሽ ናቸው የላኩኝ።»

ፍሬሰላም ገባት። ጦርነቱ ወንድሟን ወስዶባቸዋል፤ ምስሉ ያለበት ስልክም አብሮ ተዘርፏል። ቤታቸው ሲቃጠል የተረፈችው የሴት አያቷ ፎቶ ብቻ ነበረች፣ እሷንም ያነሳት ይኸው ካሜራ ነው። አሁን ፍሬሰላም የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግራ ሳዑዲ ልትገባ ቆርጣለች። እናቷ እትዬ ቆንጅት ደግሞ «በዚያ ካሜራ ምስልሽን ሳትተዪልኝ ንቅንቅ አትዪም» ብለው አስምለዋታል።

ቆርቆሮውን በማግስቱ አደረሰችለት። ይሁኔ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ እጁን ከትቶ ፊልሙን አስገባና በጣቱ ዳሰሰው፤ ልክክ ብሏል። ሊያመሰግናት ቀና ሲል ጉንጯ ላይ ጥላሸት አየ። በእጇ ጀርባ ስትጠርገው ጭራሽ ባሰባት፣ በራሷም ሳቀች። አቤት! ልቡ እዚያው ቀረ።

«ጠቧል» አላት።

ዋሸ። ቆርቆሮው ካልተስተካከለ ፎቶ የለም፣ ፎቶ ከሌለ መንገድ የለም፤ ብልጠቱ መሆኑ ነው! ሰውዬ፣ «አትሂጂ፣ ላግባሽ» ብትላት ምን አለ? «ምን ይዤ?» ይላል፤ ቤቱ ጣሪያ የለው፣ ሥራው ቀዝቅዟል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ያልሰማ ይመስል፣ በመጣ ቁጥር አንድ እንከን ያወጣል።

እሷም ሳትሰለች ትሞርዳለች። አንዳንዴ ሞረዱን አቁማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

«የግራው ጠርዝ... ትንሽ ይሻክራል።»

«እሺ። የግራው ጠርዝ» ትላለች ቀስ ብላ።

በዚህ መሃል አብረዋት ሊሄዱ የነበሩት የሮቢት ከተማ ልጆች ቀድመዋት ተነሱ። ባሕሩን በሰላም መሻገራቸውም ተሰማ። ያን ሰሞን ፍሬሰላም ነጠላዋን ለብሳ እሱ ዘንድ መጣች።

«ዛሬ አንሳኝ። ደላላው ሌላ ጉዞ አግኝቶልኛል። ከእንግዲህ አልሞርድም።»

ይሁኔ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ በካሜራው አያት። ከንፈሯ ከፈት ብሏል፣ አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች።

«አትነቃነቂ» አላት። ከአፉ የወጣችው ይህችው ብቻ ናት።

ፍሬሰላም የተሳፈረችባት ጀልባ ተገለበጠች። ሬሳዋም አልተገኘ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እትዬ ቆንጅት ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለቀስተኛው «እህህ፣ የምትናገር እኮ ነው የምትመስለው!» ይላል። ይሁኔ ጥግ ላይ አቀርቅሯል።

«ና እስቲ፣ ልጄ» አሉት። «ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ‹እማ፣ ቆርቆሮው መጀመሪያውኑ ልክ ነበር፤ ይሁኔ እየዋሸኝ ነው። አንድ ቀን አትሂጂ ይለኛል፣ ያኔ እቀራለሁ› ትለኝ ነበር። እኔም አብሬያት ስጠብቅህ ኖርኩ።»

ይሁኔ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀበለ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አትሂጂ» አለ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማው። «ፍሬ፣ በማርያም፣ አትሂጂ።»