በዘጠኝ ጣት ተኩል የቆመው ግድግዳ

ታሪክ መፍጠር አልችልበትም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው። የሆነውም በጨለማ አይደለም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ የሳሎናችንን ወለል ሞልታው ሳለ ነው።

ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። አናጢ ነበር፤ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ግማሹን መጋዝ ወስዶታል። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ «በዘጠኝ ጣት ተኩል ነው የቆመው» ይል ነበር።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ያፈሳል፤ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ባልዲ መድፋት ነው። ታላቅ ወንድሜ አፍርሰን እንሥራው ይላል። እናቴ ይጠገን ትላለች፤ ከፈረሰም የትም አልሄድም፣ ፍርስራሹ ላይ እቀመጣለሁ ብላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም የምፈልገው መተኛት ነው።

ግንበኛ አስመጣን። የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ግንበኛው ስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ለጠፈና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ጀሶው ሁለት ሳምንት ሳይሰነጠቅ ከቆየ ግድግዳው አይንቀሳቀስም፣ ይጠገናል፤ ከተሰነጠቀ ግን ይፈርሳል አለን። ሁላችንም ተስማማን።

ሊወጣ ሲል ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ሦስት ጊዜ መታው።

እኔ አራት ሰማሁ...

ድካም ነው አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ጀሶው ተሰነጠቀ። እናቴ ቀድማኝ አይታዋለች። ወንበሯን አስጠግታ በጀርባዋ ከልላው ተቀምጣ አገኘኋት።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እማዬ...»

«የተረፈው ጀሶ ከበሩ ኋላ አለ።»

ሰው አታልዬ አላውቅም። ግን አደረግኩት። የተሰነጠቀውን ፍቄ አነሳሁ፣ አዲስ ለጠፍኩ፣ የድሮውን ቀን ጻፍኩበት። እርጥቡን ጀሶ ስጫነው ከውስጥ መልሶ የገፋኝ መሰለኝ... እጄ ዝሎ ነው ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ነካሁት። ደርቋል።

ግን ይሞቃል...

በአስራ አምስተኛው ቀን ወንድሜ ግንበኛውን ይዞ መጣ። ስምንት ሰዓት። ጀሶው ላይ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። ወንድሜ ግን አላመነም፤ ጀሶው ተነስቶ ይታይልኝ አለ።

ግንበኛው መሮውን በጎን አስገብቶ ጀሶውን ሳይሰበር አነሳው። ገለበጠው።

«እህቴ፣ ይሄን ማን ነው የነካው?»

ልናዘዝ ነበር። «እኔ...»

«ፊቱን አይደለም የምልሽ። ጀርባውን ነው።»

ጀርባው ላይ፣ ግድግዳውን ይዞ በቆየው በኩል፣ አራት ጣቶች ታትመዋል። ጠልቀው።

ሦስቱ ሙሉ ናቸው።

አንዱ ግማሽ ነው...

ወንድሜ ጀሶውን አየ፣ ከዚያ እናቴን አየ።

«ይፍረስ» አለ።

«እሱንስ የት ልታደርጉት ነው?» አለችው እናቴ፣ ስለ አንድ ቁም ሳጥን እንደምትጠይቅ ሁሉ።



ግንበኛው ማንም ሳያዘው ጀሶ በጠበጠ። ስንጥቁን መልሶ ሸፈነው። ቀን አልጻፈበትም። እስኪይዝ ድረስ ክንዱን ቀጥ አድርጎ በመዳፉ ተጭኖት ቆመ።

ፀሐይዋ አሁንም ወለሉ ላይ ነበረች።

ግንበኛው አልተንቀሳቀሰም...

ክርኑ ግን ቀስ እያለ መታጠፍ ጀመረ።