ያልተሸፈነው ባንዲራ

ሾፌሩ መሪው ፊት እንደተቀመጠ ነበር ሞቶ የተገኘው። ቆቡ ከራሱ አልወደቀም፤ የከረባቱ ቋጠሮም አልላላም። የሚያየው ሰው ጌታውን ሲጠብቅ ያንቀላፋ ይመስለዋል። ጋራዡ ግን በጭስ ታፍኖ ስላደረ፣ ጠዋት በሩን የከፈተው ዘበኛ እየሳለ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ነበር። አሮጌው ጥቁር መኪና ሲሠራ አድሮ ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል።

«ወረንጦ» አላት አለቃዋ ኮማንደሩ በስልክ። «አምባሳደሩ ራሳቸው ናቸው የጠሩን። ወደ ኤምባሲው ገብተሽ፣ አይተሽ፣ ራሱን አጠፋ ብለሽ ፈርመሽ ትወጫለሽ።»

«ሳላይ ነው የምፈርመው ወይስ አይቼ?»

«አይተሽ። ግን ብዙ አትዪ።»

ወረንጦ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው። ሌላው መርማሪ በመዳፉ ዳብሶ የሚያልፈውን ስንጣሪ እሷ ቆንጥጣ ታወጣዋለች። የምታወጣው እሾህ ሁሉ ግን ቁስል ያድናል ማለት እንዳልሆነ ገና አልተማረችም ነበር።

ጋራዡ በር ላይ የኤምባሲው ሁለተኛ ጸሐፊ ጠበቀቻት። ፈገግታዋን ቤቷ ረስታ የመጣች የምትመስል ቀጭን ሴት ናት።

«ግቢው አይደፈርም፤ የገቡት በፈቃድ ነው» አለች። «መኪናው አይፈተሽም። ያ ጥግ ላይ ያለው ሻንጣ ደግሞ የዲፕሎማት ሻንጣ ስለሆነ አይነካም።»

ሻንጣው ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ አፉ በሽቦና በማኅተም የታሰረ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዓይነት ነው።

«ሬሳውስ?»

«ሬሳው የእናንተ ነው።»

«እግዜር ይስጥልን» አለች ወረንጦ፤ ጎንበስ ብላም የሾፌሩን ኪሶች አየች። ከቀኝ ኪሱ የታጠፈ መሐረብ ወጣ። ከግራው ደግሞ ለስላሳ፣ ጠባብና ረዘም ያለ፣ አፉ በገመድ የሚሳብ የቆዳ ከረጢት ተገኘ። በቀይ ክር በእጅ የተሰፋ ነው። ከጎኑ ወንበር ላይ የቴርሞስ ክዳን ወድቋል፤ ቴርሞሱ ግን የለም። ክዳኑን መንካት ስላልተፈቀደላት ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እያሸተትኩ። አፍንጫም ይከለከላል?»

ወተት ወተት ይሸታል። ቀና ስትል የመኪናው ግንባር ላይ፣ በአጭሩ ዘንግ ጫፍ፣ ትንሿ ባንዲራ ዝልፍልፍ ብላ ተንጠልጥላ አየች። ያኔ ምንም አልመሰላትም።

አምባሳደሩ በሳሎናቸው ተቀበሏት። ረጅም ዓመት ስለኖሩ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው ነው የሚናገሩት፤ ኀዘንን መናገር ግን ከቋንቋ በላይ የሚያውቁበት ነው።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አሉ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ሻንጣችንን ከአየር ማረፊያ ይዘን ተመለስን። እንደ ሁልጊዜው የቤቱ ዋና በር ፊት የመኪናውን በር ከፈተልኝ፣ ወረድኩ፣ ደህና እደር አልኩት። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሆድ ብሶት ነበር። ይህን ያደርጋል ብዬ ግን...»

«ይህችን ኪሱ ውስጥ አገኘሁ» አለች ወረንጦ ከረጢቱን እያሳየች።

አምባሳደሩ ገልበጥ አድርገው አዩት። «የመነጽር ማኅደር ነው መሰለኝ። ለሚስቱ ይስጡልኝ።»

ዘበኛው ጋ ሄደች። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ፊቱ አሁንም ከጭሱ አልጠራም።

«የጋራዡ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ግን ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት ቁልፍ አይፈልግም። ገፋ ካደረጉት ራሱ ይቆለፋል።»

«ትናንት መኪናው ሲገባ ምን አየህ?»

«ሰላምታ ሰጠሁ። ክቡርነታቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው የግቢውን የኋላ በር አይተህ ና አሉኝ። ስመለስ ጋራዡ ተዘግቷል። እኔ ሳልኖር ወደ ቤቱ ሄዷል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ባልል ኖሮ...» እንባው ቀደመው።

ከረጢቱን ስታሳየው እንባውን ሳይጠርግ ፈገግ አለ። «ይቺማ የባንዲራው ሽፋን ናት! ክቡርነታቸው ወርደው ጀርባቸውን ሲሰጡ መጀመሪያ የሚያደርገው ባንዲራውን ጠቅልሎ መሸፈን ነው። አንድ ክንድ እንኳ ሳይሸፍን አይነዳም። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ እሳቸው ደረጃው ላይ ሳይደርሱ ገልጦ ይጠብቃል። እኛ ‹ሙሽራዋን አለበስካት ወይ?› እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን ‹ባለቤቱ በሌለበት መኪና ባንዲራ ማሳየት መዋሸት ነው› ይላል።»

ወረንጦ ከረጢቱን በመዳፏ ይዛ ጋራዡን ዞራ አየችው።

ወጥ ቤት የምትሠራው ሴት ድንች እየላጠች ነበር። «ትናንት ክቡርነታቸው ወተት አፍልተሽ በቴርሞስ አድርጊልኝ አሉኝ» አለች። «ገረመኝ። ወተት ሲያዩ እንኳ ያንገሸግሻቸዋል። የሚወደው እሱ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ቴርሞሱ ጠዋት ታጥቦ እዚህ ቆሟል። እኔ ግን አላጠብኩም።»

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ደወለላት፦ ሆዱ ውስጥ ወተት፣ ወተቱ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት።

ወደ አየር ማረፊያም ደወለች። ውሻ ይዞ ዕቃ የሚፈትሸው ፖሊስ የድሮ ጓደኛዋ ነው።

«ያን ሻንጣ ተይው» አላት። «ባለፈ ቁጥር ውሻዬ ፊቱ ቁጭ ይላል። ቁጭ አለ ማለት አገኘሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገመዱን እጎትትና ይዤው እሄዳለሁ። ምን ላድርግ? አሁን አሁን ውሻው ዐይን ዐይኔን ሲያየኝ አፍራለሁ።»

የሾፌሩ ሚስት ቤት ከኤምባሲው ብዙ አይርቅም። ሁለት ክፍል ናት። በውስጠኛው ክፍል የሞተው ልጅ አልጋ ገና እንደተነጠፈ ነው፤ ጫማዎቹም ከሥሩ ተደርድረዋል። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። እንባዋን ለልጇ ጨርሳው ነበር።

«ራሱን አጠፋ ይሉኛል፣ ልጄ» አለች። «ጎረቤቱ እንኳ ገብቶ ለማጽናናት አፍሮ በር ላይ ይቆማል። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። ጥሎኝ እንዳልሄደ ብቻ ንገሪኝ።»

«ምን ያስጨንቀው ነበር፣ እትዬ?»

«ልጃችንን የገደለው ዱቄት በአረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሎ ፍራሹ ሥር ነበር ያገኘነው። በቀደም ሻንጣውን ሲጭን ጥጉ ተቀዶ ያንኑ አረንጓዴ ጥቅልል አየ። ቤት ገብቶ እጁን እያየ፣ ‹በነዚህ እጆች ተሸክሜ ያመጣሁለት እኔ ነኝ› አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሰውዬውን ጠየቃቸው። ሲመሽ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ረጋ ብለን እንነጋገራለን አሉት። ደስ ብሎት ነው የወጣው። ‹እሳቸውም ልጅ አላቸው፣ ይገባቸዋል› እያለ።»

ወረንጦ ቃል መግባት አልለመደባትም። ያን ቀን ግን አፏ አመለጣት። «እውነቱን ጽፌ አመጣልዎታለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በኤምባሲው ሳሎን ተሰበሰቡ። የሪፖርቱ ንባብ ነው ስለተባለ አምባሳደሩ ጥቁር ከረባት አስረዋል። ኮማንደሩ ብዕሩን አዘጋጅቷል። ሁለተኛ ጸሐፊዋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ዘበኛውና ወጥ ቤቷ ምንጣፉን ላለመርገጥ ግድግዳው ሥር ተለጥፈዋል፤ የሟች ሚስት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል ጥቁሩ መኪና ታጥቦ ደረጃው ፊት ቆሞ ይታያል። ባንዲራው እንደተገለጠ ነው፤ የሚሸፍነው ሰው የለማ።

ወረንጦ የቆዳውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ክቡርነታቸው የቤቱ ዋና በር ላይ ወረድኩ ብለዋል» ብላ ጀመረች። «እዚያ ወርደው ቢሆን ሾፌሩ ባንዲራውን ሳይሸፍን ወደ ጋራዥ አይነዳም ነበር። ባንዲራው ግን ተገልጦ፣ ሽፋኑም ኪሱ ውስጥ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እንግዲህ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።»

«ረስቶት ይሆናላ» አለ ኮማንደሩ።

«እሱ?» አለች ሚስትየው። «ልጁን ቀብሮ ሥራ የገባ ዕለት እንኳ አልረሳም።»

«ሊሞት የወሰነ ሰው ባንዲራ ትዝ ይለዋል?»

«ሊሞት የወሰነ ሰው ቴርሞስ አጥቦ ወጥ ቤት መልሶ መጥቶ አይሞትም፣ ኮማንደር። ክዳኑ መኪናው ውስጥ ቀርቷል፤ ቴርሞሱ ግን ታጥቦ ቤት ገብቷል። ወተቱ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት። ጌታው በእጁ ቀድቶ ሲሰጠው እምቢ የሚል ሾፌር የለም። እንቅልፍ ሲጥለው ሞተሩ እንደሠራ ተተወ፣ በሩም ገፋ ተደረገ። ዘበኛው አስቀድሞ ወደ ኋላ በር ተልኳል።»

«ዘበኛው ራሱ ገብቶ ቢሆንስ?»

«ዘበኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ ጸሐፊዋ፣ መኪናው ቆሞ የሚያዩት ባንዲራው ተሸፍኖ ነው። አንዳቸው ቢሆኑ የተገለጠው ባንዲራ ዐይናቸውን ይቆረቁረውና ሸፍነውት ይሄዱ ነበር። በዚህ ግቢ ይህን ሽፋን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከመምጣቱ በፊት ይገለጣል፣ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ይሸፈናል። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲደረግለት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላየም። ሳሳየው የመነጽር ማኅደር ነው ያለኝም ያው ሰው ነው።»

ከዚህ በኋላ አንቱታውን እኛም ብንተወው ማንም አይፈርድብንም።

«ምክንያቱ እዚያ ሻንጣ ውስጥ ነው» አለች ወረንጦ። «ይከፈት።»

አምባሳደሩ እግሩን አነባበረ። «ጨረሱ? ጎበዝ ነዎት፣ ከልቤ ነው። ነገር ግን ሻንጣው አይከፈትም። እኔም አልታሰርም፣ አልከሰስም፣ ለምስክርነት እንኳ አልጠራም። ከለላዬን ማንሣት የሚችለው መንግሥቴ ብቻ ነው፤ ጻፉለት።»

«መልሱን የሚያመጣው ያው ሻንጣ ነው» አለች ሁለተኛ ጸሐፊዋ ቀስ ብላ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር። «ደግሞም ተሹመዋል። በቅርቡ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ትልቅ አገር ነው።» ሻንጣው የሚይዘውን ታውቅ ነበር። ማወቋ ለማንም አልጠቀመም፤ ለእሷም ጭምር።

«አንድ ነገር ግን ልምከርዎት» አለ አምባሳደሩ። «ሰው ተገደለ ብለው ከጻፉ ገዳይ መኖር አለበት። የጋራዡ ቁልፍ የነበረው አንድ ሰው ጋ ነው። እሱ ደግሞ ከለላ የለውም።»

ሁሉም ዘበኛውን አዩት። ወረንጦን ያስደነገጣት የኮማንደሩ ዐይን ነበር፤ አብሮ ዞሮ እዚያው ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይሄ ነው።

«ኮማንደር፣ ምን እያሰብክ ነው?»

ኮማንደሩ ወደ ጥግ ወስዶ በሹክሹክታ አናገራት። «ግድያ ብለሽ ከፈረምሽ የበላዮቼ ሰው አምጣ ይሉኛል። ማንን ላምጣ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ወይ ራሱን አጠፋ በዪ፣ ወይ ይህን ምስኪን አስረክቢኝ።»

«ሦስተኛው እውነቱ ነው።»

«ሦስተኛ የለም፣ ወረንጦ። ቢኖር እኔ አልወደውም ነበር?»

ተመለሰችና ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ብዕሩን አነሣች፣ አስቀመጠች። አእምሮዋ ያልፈታው ነገር አልነበረም፤ እጇ ግን የሚያደርገው አጣ። ዕድሜዋን ሙሉ፣ ካወቅኩ ይበቃል ብላ ነበር የኖረችው። ዘበኛው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። የልጆቹን ስም እየጠራ ነበር።

ወረንጦ የሟችን ሚስት ለማየት አልደፈረችም። ሴትዮዋ ግን ተነሥታ መጣች፤ ብዕሩን አንሥታ በእጇ አስያዘቻት።

«ጻፊው» አለች።

«ምን ብዬ፣ እትዬ?»

«ራሱን አጠፋ ብለሽ።»

«እትዬ፣ ይህማ—»

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ጥሎኝ አልሄደም። እሱን ነበር የፈለግኩት፤ ሰጥተሽኛል። ሀገር ያለውን ይበል፣ ጎረቤትም ካልመጣ ይቅር። የዚህን ሰውዬ ልጆች ደግሞ አባት አላሳጣም።» ድምጿ አሁን ተሰበረ። «ጻፊው፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

ወረንጦ ጻፈች። ቃላቱ ጥቂት ነበሩ፤ በሥራ ዘመኗ እንደዚያ የከበዳት ጽሕፈት ግን አልነበረም። ኮማንደሩ ወረቀቱን ሳያነብ አጠፈው። አምባሳደሩ ለሁሉም ምስጋና አቅርቦ ሻይ እንዲመጣ አዘዘ። የጠጣ የለም።

ሴትዮዋ የቆዳውን ከረጢት ከጠረጴዛው አነሣች። «እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። «ከአሮጌ ጃኬቱ እጅጌ። ቀይ ክር ብቻ ነበር ቤት ውስጥ።»

ከወረንጦ ጋር ወደ ደረጃው ወጡ። ጥቁሩ መኪና ባዶውን ቆሟል፤ ነፋሱ ባንዲራውን ያራግበዋል። ሴትዮዋ መኪናው ግንባር ጋ ስትደርስ ቆመች። የኤምባሲውን መኪና መንካት ክልክል መሆኑን የነገራት የለም፤ ሁለተኛ ጸሐፊዋም መስኮቱ ጋ ሆና እያየች ምንም አላለችም። ሴትዮዋ ባንዲራውን በጣቶቿ ሰብስባ ጠቀለለችው፣ ከረጢቱን አለበሰችው፣ ገመዱንም ሳብ አድርጋ ቋጠረችው።

«ባለቤቱ የለበትም» አለች።

ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት። ለመኪና ብቻ የሚከፈት በር ነበር።