መህርዛድን ያወጡ ሰዎች

በሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ሂጅራ፣ በወርኃ ረጀብ፣ የጨው በረሃውን ተደግፋ የተቀመጠችው የአንጂራባድ ከተማ ውኃ አጣች። በኢራን ምድር ዝናብ ከቀረ፣ በተራራውም ላይ በረዶ ከጠፋ ሁለተኛው ክረምት አልፎ ነበር፤ ሰው በየመንገዱ እንደ ቅጠል የሚረግፍበት፣ ባለ ርስቱም ጭሰኛውም አንድ ላይ ወደ ከተሞች የሚሰደድበት ዘመን ነበር፤ አንጂራባድ ግን እስከዚያ ወር ድረስ ባትጠግብም አልተፈታችም፤ አያቶቿ ከተራራው ሥር አንሥተው በመሬት ሆድ ውስጥ የቆፈሩላት የውኃ ቦይ፣ ቃናቱ፣ ቀጠነ እንጂ አልነጠፈም ነበርና። አንድ ማለዳ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ቢወርዱ ያገኙት ጭቃ ብቻ ሆነ። ቦዩ ከከተማይቱ በላይ፣ የሁለቱ ሰፈሮች እርሻ በሚዋሰንበት በትልቁ በለስ ዛፍ አጠገብ፣ ከመሬት በታች ተደርምሶ ውኃውን ዘግቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚኖረው በየቤቱ ማጠራቀሚያ በቀረችው ጥቂት ውኃ ነበር።

የላይኛው ሰፈር ሰዎች ሃይደሪ፣ የታችኞቹ ነእመቲ ይባላሉ። ለምን ተብለው ቢጠየቁ አንዳቸውም አያውቁትም፤ አባቶቻቸው በሙሐረም የለቅሶ ሰልፍ ላይ በዱላ ሲፈናከቱ ኖረዋልና እነርሱም ይፈናከታሉ፤ አንዱ ከሌላው ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ አይጠጣም፤ ልጁንም አይድርም። የቃናቱ ደንብ ደግሞ ጥንታዊና ግልጽ ነበር፦ ድርምሱ በማን መሬት ሥር ከሆነ እርሱ ያነሣል፤ አንድ ጊዜ ያነሣም ያ ቦታ ለዘላለም የእርሱ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ሃይደሪዎች «ድርምሱ ከበለሱ በታች ነው» ሲሉ፣ ነእመቲዎች «ከበለሱ በላይ ነው» ይሉ ነበር። መጀመሪያ አካፋ ያነሣ ሰው ተሸናፊ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ጉሮሯቸው እየደረቀ እንኳ የሚያነሣ ጠፋ።

በሁለቱ ሰፈሮች ድንበር ላይ በምትገኝ ጠባብ ቤት ሙርሺድ ሰፍዳር ይኖር ነበር። ሙርሺድ በሻይ ቤት ቆሞ የጀግኖችን ገድል ለሚተርክ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ሰፍዳርም ቁመቱ ከበትሩ የማይበልጥ፣ ድምፁ ግን ገበያ የሚያናውጥ፣ በጢሙም የሚኮራ ሰው ነበር። አባቱ ከላይ፣ እናቱ ከታች ስለነበሩ ሁለቱም ወገን እንደ ግማሽ ጠላት አድርገው ይታገሡት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በላይኛው ሻይ ቤት፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት በታችኛው ይተርካል። ከልጆቹ የቀረችለት ሰኪና ብቻ ነበረች፤ እርሷም ገና ጥርስ ያላወጣ ወንድ ልጅ ታጠባ ነበር።

ሰኪና አንድ ቀን መጥታ ባልዋ ዙልፋቃር ለስደት አህያ ማዘጋጀቱን፣ ወሩ ሳይወጣ ወደ የዝድ ከተማ እንደሚነሡ ነገረችው። ሰፍዳር ያን መንገድ ያውቀዋል። በዚያ መንገድ ከሄዱት ከጎረቤት መንደር ሰዎች አንድም የተመለሰ፣ አንድም ደረስን ብሎ የላከ የለም። አማቹ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውኃ በሌለበት ቁጭ ብሎ ልጁ ሲሞት ማየት ያልፈለገ አባት ነበር፤ ሰፍዳርም ሊቆጣው ፈልጎ ምክንያት አጣ።

«ሕፃኑስ?» አለ ብቻ።

«ይዤው ነዋ አባባ፤ ለማን ልተወው?» አለች ሰኪና፤ ቀጥላም ዐይኑን ሳታይ «እርስዎ በተረትዎ የሞተ ያስነሣሉ ይባላል። እነዚህን በሕይወት ያሉትን ከመደባቸው ማስነሣት እንዴት አቃትዎ?» አለችው።

ነገሩ ልቡን ወጋው። ሁለቱንም ሰፈሮች ለምኖ ነበርና። ሃይደሪዎቹ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኛን ሞኝ ልታደርገን ነው ወይ ብለው ነበር፤ ነእመቲዎቹም የእናትህ ወገን መሆንህን ረሳህ ብለው ወቀሱት። ልመና እንደማያዋጣ ተረዳ፤ በማግስቱም በትሩን አንሥቶ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልሰማውን አዲስ ታሪክ ጀመረ።

በላይኛው ሻይ ቤት የመህርዛድን ነገር ተረከ፦ መህርዛድ የንጉሥ ልጅ፣ ደግ ጀግና፣ ከእንጀራ እናቱ ልጅ ከሩዝቤህ ጋር ተጣልቶ ሲሸሽ ከጥልቅ ጉድጓድ ወድቆ ዐፈር ተጫነው፤ ሰዎቹም አለቀሱለት። በታችኛው ሻይ ቤት ደግሞ የሩዝቤህን ነገር ተረከ፦ ሩዝቤህ የተገፋ ልጅ፣ አባቱ ስሙን እንኳ የማይጠራው፣ አሁን ገመድ በእጁ ይዞ በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመ፤ እነዚህም ሩዝቤህን የራሳቸው አደረጉት። ታሪኩ ከጫፍ ሲደርስ ሰፍዳር በላይኛው ሻይ ቤት መዳፉን አጨበጨበና፣ «መህርዛድ ከጉድጓድ ውስጥ አንድ ቃል ጮኸ፤ ሩዝቤህ ምን እንዳደረገ ግን በታችኛው ሰፈር ነው የሚነገረው» ብሎ ወጣ። ታች ወርዶም፣ «ሩዝቤህ ከጉድጓዱ አንድ ቃል ሰማ፤ ቃሉን የሚያውቁት ግን የላይኞቹ ናቸው» አላቸውና በትሩን ይዞ ሄደ። በሁለቱም ቦታ ሰደቡት፤ የታችኛው ሻይ ቀቃይማ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለው።

በአገሩ ልማድ አድማጭ የሚወደውን ጀግና ከሞት ለማዳን ለተራኪው ስጦታ ይሰጣል፤ ተራኪውም እንደ ስጦታው መጠን ጀግናውን ያተርፋል። የላይኛው ሰፈር ሥጋ ሻጭ፣ ወደ ካርባላ ለዚያራ ሄዶ ካርባላኢ የተባለው ያዶላህ፣ በሙሐረም ጠብ የሁለት ሰው ጥርስ ያረገፈ ግዙፍ ሰው፣ ይህን ልማድ ከማንም ይልቅ ያከብራል። መህርዛድ ከጉድጓድ ከወደቀ ወዲህ ያዶላህ እህል አልበላም፤ ሚስቱ ታመመ ብላ ነበር። በመጨረሻ አልቻለም፤ ሰፍዳር ከሻይ ቀቃዩ ጋር ለመታረቅ ታች ወርዶ በተቀመጠበት ምሽት፣ የታችኛውን ሻይ ቤት መጋረጃ ገልጦ ገባ። የታችኛው ሰፈር የውኃ ዳኛ፣ መሽሃድን ጎብኝቶ መሽሃዲ የተባለው ኑሩዝ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ምነው ካርባላኢ፣ በግ ጠፍቶህ ነው?»

«የጠፋብኝ ሰው ነው» አለ ያዶላህ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። «መህርዛድን ሩዝቤህ ምን አደረገው?»

ኑሩዝ ሊስቅ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ሌሊቱን ሲገላበጥ ነበርና ሳቁ አልወጣለትም። ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

«ተቀመጥ። መጀመሪያ አንተ ንገረን፤ ከጉድጓዱ ምን ብሎ ነው የጮኸው?»

«ወንድሜ ብሎ ነዋ» አለ ያዶላህ።

ከዚያ ሥጋ ሻጩ የላይኛውን፣ የውኃ ዳኛው የታችኛውን ግማሽ ተነጋገሩ፤ ቢገጣጥሙት ግን ታሪኩ አላለቀም፤ መህርዛድ እታች፣ ሩዝቤህም ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ሁለቱም ወደ ሰፍዳር ዞሩ። ያዶላህ የቀረውን አንድ ሙክት ለመህርዛድ ሕይወት ሰጠ።

«ሙክትህን ለልጆችህ አቆየው» አለ ሰፍዳር። «መህርዛድ የወደቀው ከወሰኑ በለስ ሥር ነው። የሚወደው አካፋ ይዞ ይምጣ።»

ኑሩዝ ወዲያው ገባው፤ ፊቱም ጠቆረ። «ሙርሺድ፣ ብልጠትዎን አውቄዋለሁ። አካፋ ካነሣን ድርምሱ የእኛ ነው ማለት ነው።»

«ድርምስ አንሡ ያለ ማነው? የማን እንደሆነ እስከ ቂያማ ቀን ተከራከሩበት፤ እኔ የለሁበትም። እኔ የምለው ሰው ጉድጓድ ገብቷል ነው። ጉድጓዱ የማን ነው ብሎ ጠይቆ የወደቀ የሚያወጣ ሙስሊም አለ?»

ሁሉም ውኃ ጠምቶት ነበር፤ ሁሉም ይህን በር የሚከፍትለት ሰው ሲፈልግ እንደነበረ በዚያች ሰዓት ተገለጠ። ያዶላህ ጢሙን ዳበሰና «እንግዲህ ስማ መሽሃዲ፤ እኔ ነገ የምወጣው ለመህርዛድ ነው። ቃናት የሚባል ነገር አላውቅም» አለ።

«እኔም ለሩዝቤህ ብዬ ነው» አለ ኑሩዝ በቁጣ፤ «ለአንተ እንዳይመስልህ።»

በማግስቱ ሁለቱ ሰፈሮች በበለሱ ሥር ተገናኙ። የከተማይቱ የቃናት ቆፋሪ ኡስታድ ባራት እንደ ሙያው ልማድ ነጭ ለብሶ መጣ፤ ቢሞት ከፈኑ ከላዩ ነውና። አንደኛው የዐፈር መሳቢያ መዘውር ከወሰኑ በላይ፣ ሌላው ከወሰኑ በታች ቆመ። ቃናት ብሎ ስም የጠራ ሁሉ ከሁለቱም ወገን ይገሠጽ ነበር። ሸክላ ሠሪው ቦዩ ዳግመኛ እንዳይናድ የሚደግፉትን የሸክላ ቀለበቶች አምጥቶ፣ የመህርዛድ የአንገት ጌጥ ናቸው አለ፤ የመስጊዱ ሼኽም ምን እንደሚሠሩ ጠይቀው መልሱን ሲሰሙ፣ የወደቀን ማውጣት ሱና ነው ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሰፍዳር በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ይተርካል፤ እርሱ ካቆመ መዘውሩ ይቆማል። ታሪኩ እንዳያልቅበት የንጉሡን ሠራዊት ሦስት ጊዜ አዞረው፤ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሰኪና ከልጅዋ ድርሻ ቀንሳ ከንፈሩን አረጠበችለት፤ ዙልፋቃርም ጭነቱን እንዳሰረ ቆሞ፣ እጁን ግን በመዘውሩ ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበር።

ወሩ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከታች ገመዱ ተጎተተ። ያዶላህ በሆዱ ተኝቶ ወደ ጉድጓዱ ጮኸ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት!» አለ ባራት፤ ቀጥሎም ድምፁ ተለወጠ። «እስከ ወገቤ ደርሷል፤ ሳቡኝ!»

ታፍኖ የቆየው ውኃ ዐፈሩን ገፍቶ መጥቶ ነበር። የላይኞቹ ሳቡ፤ ረጥቦ የከበደው ገመድ ከእጃቸው አመለጠ። ያን ጊዜ ነእመቲዎች ወሰኑን ዘለው መጡ፤ ኑሩዝ ከያዶላህ ኋላ ገመዱን ያዘና እንደ አንድ ጥማድ በሬ ጎተቱት። ባራት ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በሕይወት ወጣ። ያዶላህ አቅፎት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ አንዱ ውኃው ቦዩ አፍ ላይ ደረሰ ብሎ ጮኸና ከተማው በሙሉ ቁልቁል ሮጠ። ሰፍዳር ከዓረፍተ ነገር መካከል ብቻውን ቀረ። በዕድሜው ሙሉ አድማጭ ጥሎት ሄዶ አያውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ተጥሎ በመቅረቱ ደስ አለው፤ በበለሱ ሥር ተቀምጦ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። ሰኪና ልጅዋን አዝላ ተመልሳ መጣች።

«ዙልፋቃር አህያዋን አራግፏል» አለችው። «መስክ ላጠጣ ብሎ ዶማ ይዞ ሄደ።»

«ከማን ጋር ሄደ?»

«ከመሽሃዲ ኑሩዝ ጋር እየተጨቃጨቀ።»

ሰፍዳር አልሐምዱሊላህ አለና ሕፃኑን ተቀብሎ ታቀፈው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዓመት ብዙ ጽፈዋል። የተፈቱትን መንደሮች፣ የወደቁትን መንገደኞች፣ የእህሉን ውድነት፣ የገዥዎቹን ጭካኔና ቸርነት አስቀምጠዋል፤ አንጂራባድ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልተጠቀሰችም፤ በዚያ ዓመት ምንም አልሆነችምና። ሃይደሪና ነእመቲም አልታረቁም፤ በተከታዩ ሙሐረም እንደ ልማዳቸው ተፈናክተዋል፤ የድርምሱ ክርክርም እስከ ልጅ ልጆቻቸው ዘልቋል። ሰፍዳር ታሪኩን ሳይጨርሰው ሞተ፤ ኋላ ቢለምኑትም ረስቼዋለሁ እያለ ሸሸ።

ያ በአያቱ ክንድ ላይ የነበረው ሕፃን አድጎ፣ በውኃ ተራ ከጎረቤቱ እየተጣላ አርጅቶ፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። በሽምግልናው ጊዜ ወጣቶች፣ «መህርዛድ ኋላ ምን ሆነ? ወጣ ወይስ ቀረ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። «አያቴ አልነገሩኝም» ይላቸዋል፤ «ባይወጣ ኖሮ ግን እኔን ከየት አግኝታችሁ ትጠይቁኝ ነበር?»