ጋሽ ቅናሽ የማያቃጥለው ከሰል

ጋሽ ቅናሽ ሞቶም አልተከበረም። በጓሮው ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ታጣፊ አልጋው ላይ፣ ካልሲውን እንዳደረገ በጀርባው ተዘርግቷል። ከእግሩ ሥር የጥብስ ምድጃው ቆሟል፤ ውስጡ ነጭ አመድና ገና ያልከሰሙ ጥቂት ፍሞች አሉ። ሐኪሙ የሟቹን ከንፈር ገልጦ ቅላቱን አየና «ከሰል ነው ያፈነው» አለ። በሩ ላይ የተኮለኮሉት ሰዎች ቃሉን ከአፉ ነጥቀው «ስስቱ ነው እንጂ» አሉ። አንዱ እንዲያውም ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ በሬዲዮ እየቀረበ፣ በትንሽ ወጪ በቤት ውስጥ የከሰል ጥብስ እንዴት እንደሚደገስ ያስተምር ነበር። የዶሮ ደረት ትታችሁ ጭኑን ግዙ ይላል። ጥቅል ጎመን በወፍራሙ ቆርጣችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ፍርግርጉ ላይ ጣሉት፤ ድንቹን በፎይል ጠቅልላችሁ ፍም ውስጥ ቅበሩት፤ በቆሎውን ከነሽፋኑ ጥበሱት ይላል። እሑድ ደግሞ ያስተማረውን በጓሮው ያበስላል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይበላለታል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያማዋል። የሰው አጥንት እየጋጡ በጋባዡ ስስት ለመሳቅ የተለየ ችሎታ አያስፈልግም፤ ሆድ ብቻ ይበቃል።

መርማሪዋ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለ ቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። ምክትሏ ጢሙን እያሻሸ ተቀበላት። ይህ ጢም ከባለቤቱ ቀድሞ የተሾመ ይመስላል።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር። ጉንፋን ይዞታል፣ ቀኑ ብርድ ነው፣ ምሳ የጠበሰበት ፍም ባከነብኝ ብሎ ወደ ክፍሉ አስገባው። መዝገቡን ልዝጋ?»

«መጀመሪያ አፍህን ዝጋ» አለችውና ገባች።

ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ተሰብሯል፤ ቀዳዳው በፎይል ተጠቅጥቋል። መርፌ ፎይሉን አውጥታ ዘረጋችው። ክንድ የሚያህል ነው፤ ተጨማደደ እንጂ ያብረቀርቃል፣ የጥላሸት ነጥብ እንኳ የለበትም። ከዚያ ወደ ጓሮው ወጣች። ከታዛው ሥር በተዘረጋው ገመድ ላይ፣ በካልሲና በፎጣ መሀል፣ ታጥቦ የተሰጣ አሮጌ ፎይል በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ይወዛወዛል። ከግድግዳው ጥግ ክዳኑ የተገጠመ የቀለም ቆርቆሮ አለ። ነካችው፤ ገና ለብ ይላል። ከፈተችው፤ ስብ የተንጠባጠበበት፣ ግማሹ የነደደ ከሰል ሞልቶበታል። ከአጠገቡ ደግሞ አፉ በቢላ የተቀደደ የከሰል ማዳበሪያ ቆሟል። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ወደ ሳሎን ሄደች።

ምሳ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድምና አጥር የሚጋራው ልብስ ሰፊ። መርፌ በልብስ ሰፊው ጀመረች።

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ጭሱ ነዋ ያጣላን። ለሙሽራ የሰፋሁት ሱፍ የዶሮ ክንፍ ሲሸት ምን ልበል?»

«ገደሉት ታዲያ?»

«እኔ? እሱን ገድዬ የካውያዬን ከሰል ከየት ላመጣ? ከቆርቆሮው እየዘገነ ይሰጠኝ ነበር እኮ። ከምግብ ሌላ ለሰው ሲሰጥ ያየሁት ያንን ከሰል ብቻ ነው።»

«ምሳ ላይ ምን ተባለ?»

«ምንም። የሚስቱ ወንድም፣ ባለ ምግብ ቤቱ ሼፍ፣ የራሱን ሥጋ ይዞ መጥቶ ነበር። ጋሽ ቅናሽ ቀመሰና ሳቀ። ‹ፓፓያህ በዝቷል፤ ሐሙስ በሬዲዮ አስተካክልልሃለሁ› አለው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሼፉ ግን አልሳቀም።»

ሼፉ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ሻይ ይጠጣል። ቤቱ የታፈነ ነው፤ እሱ ግን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። በከተማው ስሙ የተጠራ ጥብስ ቤት አለው፤ ሰዎች ለዳቦ እንደሚሰለፉ ለሥጋው ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለ ሰው በእህቱ ቤት ሲቀመጥ ሶፋውን እንዳከበረው ያስባል።

«ነፍሱን ይማር፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ» አለ። አንቺ እንዲላት ማንም አልፈቀደለትም። «ከዚህ ሆኜ በመስኮት አይቼዋለሁ። በቆሎውን የጠበሰበትን ፍም ከነምድጃው ይዞ ሲገባ። ሰው በገዛ ስስቱ ሲሞት ምን ይደረጋል?»

«ተው አላሉትም?»

«ለእሱ መናገር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ደግሞ እኔ ምድጃው አጠገብ ደርሼ አላውቅም። በታጠበ ፎይል ድንች ከሚጠቀልል ሰው ጋር ምን አገናኘኝ? ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ አዲስ ጥቅል ገዝቼ መጣሁላቸው። እስኪ አስቢው፣ በታጠበ ፎይል።»

«የሚያበስልበትን መንገድ አይተው አያውቁም?»

«ምን ለመማር?» አለ ሼፉ፤ ኩራቱ በድምፁ ይሰማ ነበር።

ሚስቲቱን ወጥ ቤት አገኘቻት። የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

«ከምሳ በኋላ የጉንፋን ሽሮፕ ሰጠሁት» አለች። «እንቅልፍ ያመጣበታል። በሩን ገጠም አድርጌለት ሳሙና ልገዛ ሱቅ ሄድኩ፤ ዝናቡ ያዘኝና እዚያው ቆየሁ። ስመለስ ሻይ ይዤለት ገባሁ።» ያንኑ ሳህን እንደገና ውሃ ውስጥ ነከረችው።

መርፌ ሳህኑን ተቀበለቻት። «ፓፓያ ምን ያደርጋል እትዬ?»

«ሥጋ ያለሰልሳል። ያረጀች ላም ሥጋ በፓፓያ ታሽቶ ካደረ የጥጃ ይመስላል። ያስተማረው እሱ ነው፤ ለድሀ ይጠቅማል ብሎ። ሲበዛ ግን የሥጋው ላዩ ይልፈሰፈሳል።»

«ወንድምዎ የሚሸጠው የምን ሥጋ ነው?»

«የጥጃ። ዋጋው አይቀመስም፤ እኛ እንኳ በዓመት አንዴ ቢጋብዘን ነው።»

መርፌ ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ በሩን ክፍት ትታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለምክትሏ ተናገረች። «አደጋ አይደለም። ይህን ሰው ሌላ ሰው ነው የገደለው።»

ምክትሉ ሁለቴ አላሰበም፤ አንዴም ማሰቡ ያጠራጥራል። «ሽሮፑን የሰጠችው ሚስቱ፣ በሩን የዘጋችው ሚስቱ። የሚለብሱትን ይያዙና ይነሱ እትዬ።»

መርፌ አልከለከለችውም። ሴትዮዋ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣ አወረደች። በተከፈተው በር ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብና የባሏን ፎጣ ስታጣጥፍ ትታያለች፤ ፎጣውን ለምን እንደያዘችው ራሷም አላወቀችም። ልብስ ሰፊው «ኧረ ይህቺ ሴት አታደርገውም» ብሎ ተነሳ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ሼፉ ሻይው ላይ ስኳር ጨምሮ አማሰለ። መርፌ ማንኪያውን እያየች ቆየች፤ ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሁላችሁም ሰውየውን ትንቁት ነበር» ብላ ጀመረች። «አልፈርድባችሁም፤ ፎይል ያጥብ ነበር። ግን የናቁትንም ሰው አንዳንዴ ማየት ደግ ነው። ገዳዩ ጋሽ ቅናሽ በስስቱ ሞተ እንድንል ፈለገ። እንግዲያው ስስታም የሚያደርገውን ማድረግ ነበረበት። ልብስ ሰፊው፣ ምሳ ሲያልቅ ፍሙን ምን ያደርገዋል?»

«ወዲያው በጉጠት እያነሳ ቆርቆሮው ውስጥ ይከተዋል፣ ክዳኑን ይገጥምበታል። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ለሚቀጥለው እሑድ ይሆነዋል፤ ለእኔም ካውያ።»

«ዛሬም እንደዚያው አድርጓል። የምሳው ከሰል፣ የዶሮው ስብ እንደተንጠባጠበበት፣ ቆርቆሮው ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ክፍሉ ውስጥ የነደደው ከየት መጣ? ከአዲሱ ማዳበሪያ። እትዬ፣ ቆርቆሮው ሳያልቅ ባለቤትዎ አዲስ ማዳበሪያ ይከፍቱ ነበር?»

«ከሚከፍት ሥጋውን ጥሬውን ይበላል» አለች ሚስቲቱ። ልትስቅ ከጀመረች በኋላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ፎይሉም እንዲሁ ነው። በገመዱ ላይ የታጠበ እያለ፣ ከአዲሱ ጥቅል ክንድ ሙሉ ቀዶ ቀዳዳ መድፈን? ይህን ቢያደርግ ኖሮ ጋሽ ቅናሽ በከሰል ሳይሆን በንዴት ይሞት ነበር።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሚስቱስ ብትሆን?»

«እሳቸው ቢሆኑ ፍሙን ከቆርቆሮው፣ ፎይሉን ከገመዱ ይወስዱ ነበር። ልብስ ሰፊውም እንዲሁ። ሁለቱም የቤቱን አሠራር ያውቃሉ፤ ሞቱን የእሱ ሊያስመስሉት ይችሉ ነበር። ያልቻለው በየእሑዱ እየበላ አንዴም ወደ ምድጃው ዞር ብሎ ያላየው ሰው ነው። ስስትም ማሰብ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ስስታም ማለት ደደብ ማለት መሰለው።» ወደ ሶፋው ዞረች። «በቆሎ የተጠበሰበትን ፍም ይዞ ሲገባ አየሁ ብለውኛል። ቆርቆሮ ውስጥ የታፈነ ፍም እንዴት አድርገው አዩት?»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ ሼፉ።

«ጃኬቱን ይክፈቱልኝ።»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ምክትል፣ እርዳቸው።»

ምክትሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቃሚ ሥራ አገኘ። ቁልፉ ሲፈታ ነጩ ሸሚዝ ታየ። ከደረቱ እስከ ሆዱ፣ ማዳበሪያ አቅፎ ያነሳ ሰው የሚይዘው ጥላሸት ነበረበት።

«እህቱ ሱቅ ስትሄድ ማዳበሪያውን አቅፎ አንስቶ አፉን ቀደደው፣ ምድጃውን አቀጣጠለና ለተኛው ሰው አስገባለት» አለች መርፌ፤ እርስዎ ማለቱን ትታለች። «ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው። ጥጃ ብሎ በወርቅ ዋጋ የሚሸጠው ያረጀች ላም ነው፤ ዘዴውም የጋሽ ቅናሽ ፓፓያ። ሰውየው በአንድ ጉርሻ አወቀበት። ሐሙስ ደግሞ አገር ሊሰማ ነበር።»

ሼፉ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። መካድ እንደማያዋጣ ገብቶታል፤ መናቁን ግን አልተወም። «ሁለተኛ ምግብ ቤት ልከፍት ነበር። አርባ ሠራተኛ እንጀራ የሚበላብኝ ሰው ነኝ። ድንች ቀባሪ በሬዲዮ ያፍርሰኝ? ማን ያለቅስለታል ለእሱ?» ከዚያ ድምፁ ለዘበ። «እታለም፣ ጠበቃ ጥሪልኝ። ወንድምሽ ነኝ።»

እህቱ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ልብሴን ሳጣጥፍ አይተኸኛል» አለችው።

ሼፉ የጃኬቱን ቁልፍ መልሶ መቆለፍ ጀመረ።

«ልወሰድ እንደሆነ እያወቅህ ሻይህ ላይ ስኳር ጨመርክ።»

«እታለም፣ ስሚኝ እንጂ።»

«ስንት ጊዜ ሰምቼሃለሁ። እናንተ ስታሾፉበት፣ ባሌ ነው ሳልል አብሬያችሁ ስቄበታለሁ። ይህ ለእኔ ይበቃኛል።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ውሰዱት።»

ወንድሟ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አያት፤ እያለቀሰች ነበር። ለእሱ መስሎት ትንሽ ቆመ፤ እሷ ግን የምታለቅሰው ለባሏ ነበር።