ሃያ ዓመት የሚቆየው ምድጃ

መምህሩ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ሞተው ተገኙ። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ ስለነበር ጥሩ ምሳ በልቶ ሸለብ ያደረገው ሰው እንጂ የሞተ አይመስሉም። ልጃቸው ከገበያ ስትመለስ «አባባ፣ መጣሁ» አለች። ዝም ሲሏት ድንቹን አስቀምጣ ደገመችው። በሦስተኛው ነው የገባት።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ሐኪሙ መምህሩ የሞቱት በከሰል ጋዝ ታፍነው መሆኑን ጻፈ። ረቡዕ አዲሱን ምድጃ የገጠመው በያጅ ታሰረ። «ቱቦውን በደንብ ስላልገጠመው ጋዙ ሾልኮ ገደላቸው» ተባለ፤ ከበያጁ በቀር ለሁሉም የሚመች ምክንያት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ፋይሉ ወንፊት ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ዓቃቤ ሕጉ ዓርብ ጠዋት ክስ ሊመሠርት ስለነበር የቀራት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ወንፊት የምርመራ ኢንስፔክተሯ ስም አይደለም፤ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ሰው ያወራላትን ሁሉ ነቅንቃ ነቅንቃ ጠጠሩን ታስቀራለች። ሲጠሯት ትሰማለች፤ አልወደደችውም፣ አልጠላችውምም።

መጀመሪያ የሄደችው በያጁ ወደታሰረበት ነው። ሰውየው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«እኔ አይደለሁም» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ገጥሜ ስጨርስ ራሴ አንድጄ አየሁት። ከዚያ በኋላ እነሱ ሦስት ቀን አነደዱት፤ አንድ ቀን እንኳ ጭስ አልመለሰም። ሚስቴ ወር ገብቷታል፣ ኢንስፔክተር። ልጄ ሲወለድ አባቱ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ሊጠብቀው ነው።»

«ከገጠምከው ወዲህ ወደ ቤቱ ተመልሰሃል?»

«ምን ልሠራ? ሥራው አልቋል።»

ከዚያ አስከሬኑን አየች። የመምህሩ ቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ቃጠሎ ነበረባቸው፤ አንዳንዱ የደረቀ፣ አንዳንዱ ትኩስ። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ለሆናቸው ሰው እንግዳ ነገር ነው። የኮታቸውን ኪስ ስትገለብጠው ተቃጥለው ያለቁ የክብሪት እንጨቶች እፍኝ ሙሉ ወጡ። በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ቤቱ ስትደርስ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ወንፊት ክፍሉን ለብቻዋ ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻትና ዘግታ ገባች። ምድጃው በድሮው የድንጋይ ምድጃ አፍ ውስጥ የተሰካ ጥቁር የብረት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ በር አለው፤ ጭሱ ከላይ በቱቦ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ቱቦው ሥር ክዳን አለ፤ ክዳኑን የሚያዞረው ውጭ ያለው አጭር እጀታ ነው። እጀታው ቀጥ ብሎ ከቆመ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ከተጋደመ ዝግ። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ወንፊት ጉልበቷን እያመማት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ የእጅ መስታወቷን በምድጃው በር አስገብታ ባትሪ አበራችበት። ደጋግማ አየች። እጀታው «ክፍት ነኝ» ይላል፣ ክዳኑ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። እጀታውን ከክዳኑ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። መስታወቷን ጠርጋ ተነሣች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቷን ላለመተው ስትል እቤት ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። ስትናገር ጣቶቿ ያልያዙትን ጨርቅ ያጥፋሉ።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አነደድኩለት። እሳት አላስነካውም ነበር፤ ክብሪቱን እንኳ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው የምደብቀው።»

«እጀታውንስ?»

«ሳነድ ቀጥ አደረግሁት። ኋላ ሳገኘው መስኮት ከፈትኩ እንጂ እጀታውን አልነካሁትም፤ ቀጥ እንዳለ ነበር። አባባ ራሱ ሳይዳስሰው አይቀመጥም። አውራ ጣቱን እያሳየ ‹የኔ ዓይን ይኸ ነው› ይለኝ ነበር።»

«አራት ሰዓት ላይ ስትወጪ ማን ነበር?»

«እጮኛዬ። አጫውተው ብዬው ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመታችን ነው። አባባን ለማን ጥዬ ላግባ? ምድጃውን የገዛን ዕለት መኪና ልፈልግ ወጥቼ ስመለስ ‹አባትሽ ሃያ ዓመት ፈረዱብሽ› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።» ድንገት የወንፊትን ክንድ ያዘች። «ገበያ ባልሄድ ኖሮ አይሞትም ነበር። ሰውየውን ፍቱትና እኔን እሰሩኝ። እውነቴን ነው።»

«ማንን እንደማስር እኔ ልወቀው፣ ልጄ» አለች ወንፊት፤ ክንዷን ግን አላስለቀቀችም።

አጎትየው የመምህሩ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጓሮ ባለው ክፍል ይኖራሉ። ሐዘኑ ቁጣቸውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

«እኔ ትልቁ ይገዛ፣ መስታወት ያለው ይገዛ ብዬ ነበር። እጮኛ ተብዬውም መስታወቱን ወደደ፤ ነበልባሉ ሲታይ ያምራል አለ፣ ለዓይነ ስውር። ወንድም ጋሼ ግን ሦስቱንም ሲዳብስ ዋለና ያን ድንክ መረጠ። ‹ምኑን አይተህ ነው?› ብለው ‹እጀታው ይመቸኛል› አለኝ። እንግዲህ እሳት ካየው ምን ለየው ብዬ ተውኩት።»

«ሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጓሮ። ነጭ ሸሚዜን አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼ ነበር። ልጅቷ ከበሩ ስትወጣ ጭሱ እየተምዘገዘገ ሸሚዜ ላይ። ተጣራሁ፣ አልሰማችኝም። ሸሚዙን ወደ ወዲያኛው ገመድ አዙሬ ዞር ብል ጭሱ ጠፍቷል። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ።»

«ከዚያስ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዤለት ገባሁ፣ አብረን በላን። ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ክፍሌ ስገባ አስታወከኝ። ደም ግፊቴ ነው ብዬ ተኛሁ።» ቁጣቸው እዚህ ላይ አለቀባቸው። «እኔ ስተኛ ነው እሱ የሞተው። አንዴ ብመለስ ምን ነበረበት?»

እጮኛው መነጽር ሠሪ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ መርፌ የሚያካክሉ ካቻቪቴዎች በቁመታቸው ተደርድረዋል። ወንፊት የላላ መነጽሯን አወለቀችና ሰጠችው። እያወራት፣ እጁንም ሳያይ፣ ብሎኑን አጥብቆ መለሰላት።

«ጋሼ እንደ አባቴ ነበሩ። አምስት ሰዓት ላይ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።»

«ምድጃውን ነክተኸዋል?»

«እኔ ምን አገባኝ ብዬ? ፍሙ ጥሩ ነበር፣ እንጨት እንኳ አልጨመርኩም። ብቻ ጋዙ መውጫ አጥቶ፣ እሳቸው ምንም ሳያውቁ… እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ወንፊት መነጽሯን አድርጋ ብሎኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ጭረት የለውም።

መጨረሻ ምድጃውን ወደሸጠው ባለሱቅ ሄደች። እሱ ጋ አንድ ሰዓት ቆየች፤ ስትወጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ የክብሪት እንጨቶቹን ቆጠረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም መምህሩ በሞቱበት ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷና እጮኛዋ ጎን ለጎን፣ አጎትየው መስኮቱ ጋ፣ ባለሱቁ በሩ ጋ። በያጁ በካቴና ታስሮ ሲገባ ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የመምህሩ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ይህን እጀታ እዩት» አለች ወንፊት። «ክፍት ነው ይላል። ክዳኑ ግን ዝግ ነው፣ ዛሬ ጠዋት በመስታወት አይቼዋለሁ። ጋዙ አልሾለከም፤ መውጫ ነው ያጣው።»

በያጁ ሊናገር አፉን ከፈተ። በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቆመችው።

«አንተ እንዲህ ገጥመኸው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በጭስ ይሞላ ነበር። ሦስት ቀን በደህና ነዷል። ሰኞም አራት ሰዓት ላይ ክፍት ነበር፤ ምስክሬ የአጎትየው ሸሚዝ ነው። ልጅቷ ከበር ከወጣች በኋላ ጭሱ አጥቁሮታል። ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

ልጅቷ ቀና አለች። ይህን የሚነግራት ሰው አራት ቀን ሙሉ አልነበረም።

«ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ተዘግቷል። አጎትየው ምሳ ሲበሉ ራሳቸውን የፈለጣቸው ደም ግፊት አይደለም፤ ወንድማቸውን የገደለውን ጋዝ ነው የሳቡት። ራሱ የዘጋው ሰው እዚያው ተቀምጦ ምሳ አይበላም። እንግዲህ እጀታው የዞረው በአራትና በስድስት ሰዓት መካከል ነው።»

«ዝም ብሎ መዝጋት አይበቃም ነበር?» አሉ አጎትየው።

«አይበቃም። መምህሩ ሳይዳስሱ አይቀመጡም። ተጋድሞ ቢያገኙት ይከፍቱት ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ክዳኑን ዘጋ፤ ከዚያ ብሎኑን ፈትቶ እጀታውን ብቻ ቀጥ አድርጎ መልሶ አጠበቀው። በጋለ ብረት ላይ፣ ያን ትንሽ ብሎን፣ ሳይጭረው። መምህሩ ዳሰሱት፣ ክፍት መሰላቸው፣ አረፍ አሉ። ዓይኔ ባሉት ጣት ነው የተታለሉት።» ወደ መነጽር ሠሪው ዞረች። «በነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ እዚህ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ አገሩ ሁሉ ‹ሾለከ› ሲል ‹መውጫ አጥቶ› ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ልጅቷ ወደ እጮኛዋ ዞረች። እንዲክድ ጠበቀችው። ቢክድ ታምነው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ» አለ እሱ፣ ለወንፊት ሳይሆን ለእሷ። «አንድ ቀን እንኳ ‹ምረጪ› አላልኩሽም። ሱቁ ውስጥ ሰውየው ‹ይሄ ሃያ ዓመት ይቆያል› ሲላቸው አባትሽ እየሳቁ ምን እንዳሉ አልሰማሽም። ‹ሃያ ዓመት ይበቃናል› አሉ። ለእሳቸውና ለአንቺ ማለት ነው። ስልሳ ሊሞላሽ ምን ይቀርሽ ነበር? እኔስ?»

ባለሱቁ ከበሩ ጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይበቃናል አላሉም» አለ። «ወንድሜ፣ አንተ ውጭ ደጃፉ ጋ ነበርክ፣ የብረት መቁረጫው ድምፅ አያሰማም ነበር። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ‹ይበቃኛል› ነው ያሉት። ‹ብቻዎን?› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹አዎ ብቻዬን፤ ዓይነ ስውር ብቻውን ሊያነደው የሚችል የትኛው ነው?› አሉኝ። ለዚህ ነው ሦስቱን ሲዳብሱ የዋሉት። ክብሪትም ከኔው ወሰዱ። ‹ልጄ ገበያ በሄደች ቁጥር እለማመዳለሁ። ስችልበት ፊቷ አንድጄ፣ በይ አሁን አባትሽ አይቸገርም፣ ትዳርሽን ያዢ እላታለሁ› አሉ። እንዳልናገር አስማሉኝ።»

ወንፊት ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ ልጅቷ ጭን ላይ ፈታችው። ልጅቷ የክብሪት እንጨቶቹን አየች። አንዱን አነሣች፤ እስከ ጫፉ ተቃጥሏል፣ ጣት እስኪነካ ድረስ።

«ያቃጥለው ነበር» አለች። «እጁን ሳጥበው ‹ምን ነካህ?› ብለው ‹አርጅቼ ነው› ይለኛል። ተቆጥቼዋለሁ። እሑድ ነው የተቆጣሁት።» ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ ድምፅ አልነበረውም። አጎትየው መጥተው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ትከሻዋን ያዙ።

የበያጁ ካቴና ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ ደቂቃ ያህል ቆመ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ሮጠ ማለት ይቻላል።

መነጽር ሠሪው አልሮጠም፣ አልተሟገተም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ግን ካልወጣ ቃል ላይ ነው የተንከባለለው። ወንፊት ቃሉን ጽፋ ጨርሳ አነበበችለት። «…ሟች ‹ሃያ ዓመት ይበቃናል› ሲሉ ሰምቼ…» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆማት።

«ልክ አይደለም።»

«እንደነገርከኝ ነው የጻፍኩት።»

«አላሉማ።»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። እጁ ሰኞም ዛሬም ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው። «ና»ን ሰረዘና ከበላይዋ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ «ኛ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሊፈርም ወረደና ስሙን መጻፍ አቃተው። ወንፊት እስክሪብቶውን ሳትቀበለው ብዙ ጠበቀችው።